ሳትጎተት መድረስ

አቶ ዘርአጽዮን አማርኛ የለመዱት ጎልምሰው ነው። ከአዲግራት መጥተው ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ጭነት ክፍል ሲቀጠሩ፣ በትግርኛ «ተረዲኡኒ» የሚሉትን ቃል እንዳለ ወደ አማርኛ አመጡትና ነገር በገባቸው ቁጥር «ተረዳሁ!» ማለት ጀመሩ። ቢሮ ውስጥ ይሄ ምንም አይደል፤ ቢሮ ውስጥ ሁሉም ሰው ይረዳል። ጉዱ የመጣው ሩዋንዳ ሰፈር በተከራዩት ቤት በረንዳ ላይ ቆመው፣ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው፣ በዚያ በሚያስተጋባ ድምፃቸው «ተረዳሁ! አዎ፣ አሁን ተረዳሁ!» ያሉ ቀን ነው። ጎረቤታቸው እትዬ ሃረገወይን ሽንኩርት የምትከትፍበትን ቢላ እንደያዘች፣ በሌላ እጇ ደረቷን እየደቃች ሮጣ ገባች።

«ማንን? ኧረ ማንን ነው የተረዱት ጋሼ?»

«የነገውን ጭነት» አሉ አቶ ዘርአጽዮን።

ሰፈሩ በዚህች ነገር ስንት ጊዜ እንደሳቀ አትጠይቁኝ። «ኧረ በሞቴ ጋሼ፣ እዚህ አገር ሰው ስልክ ይዞ ‹ተረዳሁ› ብሎ ከጮኸ ሰው ሞቶበታል ማለት ነው፤ ድንኳን ልናስተክል ነበር እኮ! ‹ገባኝ› ይበሉ» ብላ እትዬ ሃረገወይን መከረቻቸው። እሳቸው ግን እንኳን ሊተዉት ጭራሽ የቤታቸው ጨዋታ አደረጉት። እዚያ ቤት አንዱ «ተረዳሁ» ካለ ሌላው «ማንን?» ማለት ግዴታው ነው። ልጆቻቸው መሐሪና ሣባ እንዲህ እየተባባሉ አደጉ። እናታቸውን በልጅነታቸው ስላጡ ያሳደጓቸው የአባታቸው እህት ወይዘሮ አልማዝ ናቸው፤ እሳቸው እንኳ፣ ያ ሁሉ ቁም ነገራቸው እያለ፣ «ወጡን አውጪው» ሲባሉ «ተረዳሁ» ይሉ ነበር።

መሐሪ መንዳት የተማረውም በዚሁ ቃል ነው። አባቱ ከጎኑ ተቀምጠው «ፍሪሲዮን ርገጥ» ይላሉ። «ተረዳሁ።» «ማንን?» ከኋላ ወንበር ሣባ በሳቅ ትፈርሳለች።

መኪናዋ ሚሌ ቼንቶ ፊያት ነች፤ ቤት ውስጥ «ሚሌ» ነው የምትባለው። አቶ ዘርአጽዮን ጓዙን ጠቅልሎ ወደ አገሩ ከሚመለስ ጣሊያን ገዝተዋት፣ ከሩዋንዳ ሰፈር ወደ አያት ሲዛወሩም ከዕቃው ሁሉ አስቀድመው እሷን ነው የወሰዱት። የሚሌ ፍሬቻ ደስ ሲለው ይበራል፣ ደስ ካላለው እጅን በመስኮት አውጥቶ ማሳየት ነው። ክላክሷ ግን ሌላ ነው። የሚሌ ክላክስ የሞተ ይቀሰቅሳል ይላል ሰፈሩ።

እንግዲህ አሮጌ መኪና ያላቸው የሸገር ሰዎች በዓመት አንዴ ተሰብስበው የሚያደርጉት ረጅም ውድድር አለ። ከቦሌ ይነሣል፣ ድሬዳዋ ይደርሳል፣ ተመልሶ አያት ላይ ያልቃል። ፍጥነት አይደለም ቁም ነገሩ፤ በእነዚህ መኪኖች ፍጥነት ያለ ሰው ራሱን መመርመር አለበት። በተሰጠ ሰዓት መድረስ፣ የመንገዱን ወረቀት ሳይስቱ መከተል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሳይጎተቱ መመለስ ነው። ገመድ የታሰረባት መኪና አለቀላት፣ ከውድድሩ ወጣች። መኪናው ላይ ሁለት ሰው ይቀመጣል፤ አንዱ ይነዳል፣ ሌላው ረዳት ሆኖ ወረቀቱን እያነበበ «ወደ ቀኝ፣ ድልድይ አለ፣ ቀስ በል» ይላል።

አቶ ዘርአጽዮን ለዘንድሮው ተመዝግበው ነበር። ከመመዝገባቸው በሽታው መጣ፤ ሐኪሞቹም «ቤቱ ውሰዱትና ተንከባከቡት» ብለው ሸኟቸው። ይሄ አባባል ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። መሐሪና ሣባ ተመካክረው ስማቸውን ሊያሰርዙ ሲሉ አባትየው ከትራሳቸው ቀና አሉ።

«ምን፣ ሞቼ ነው የምትሰርዙኝ?»

«እንዲህ ሆነህ ትተንህ የት እንሄዳለን አባዬ?» አለች ሣባ።

«ድሬዳዋ ነዋ!»

ከዚያ በኋላ ክርክር የለም። መሐሪ ሊነዳ፣ ሣባ ረዳት ልትሆን ተስማሙ። አቶ ዘርአጽዮን የመንገዱን ወረቀት አስመጥተው፣ ትንፋሽ እያጠራቸው፣ በጣታቸው እየተከተሉ እስከ መጨረሻዋ መስመር አነበቡት። የመጨረሻዋ «አያት፣ ፍጻሜ» ትላለች።

«እዚህች ስር እኔን ጻፊኝ ጓለይ» አሉ፣ «ልጄ» ማለታቸው ነው ለሣባ።

«ምን ብዬ?»

«‹አባዬ ፊት ቁም› ብለሽ። ወንበር አስወጥቼ እዚያ እጠብቃችኋለሁ። ከአደባባዩ ጀምሮ ክላክስ አድርጉ፣ ሰምቼ እንድነሣ። ሚሌን ሳትጎተት አምጡልኝ። እኔም እናንተ ሳትመጡ የትም አልሄድም፤ ቃሌ ነው።»

ሣባ በእርሳስ ጻፈችው። ሞኝ አይደለችም፤ ቦሌ የሰው ሒሳብ ስትመረምር የምትውል ሴት ናት፣ የአባቷን ፊት ደግሞ ከማንም ይበልጥ ታነባለች። ግን አባቷ ቃላቸውን አጥፈው አያውቁም። በዚያች ቃል ተንጠልጥላ ሄደች።

ጉዞው ሲጀመር እንዴት ያለ ደስታ ነበር! ቦሌ ላይ መኪኖቹ ታጥበው፣ ተወልውለው፣ እንደ ሙሽራ ተደርድረው ሰው ፎቶ ያነሣል። የጥርስ ሐኪሙ ፍስሃ ከቮልሱ አጠገብ ቆሞ ነገር ይፈልጋል። ፍስሃና መሐሪ የልጅነት ጓደኞች ናቸው፤ ካልተሰዳደቡ ሰላም የተባባሉ አይመስላቸውም።

«ያቺን ቆርቆሮ ዱከም ካደረስካት ስሜን ቀይረው» አለው ፍስሃ።

«ስምህን ተወው፤ መሬት ለመሬት የምትሳበውን ቮልስህን ቀይራት» አለው መሐሪ።

ሚሌ ዱከምን አለፈች፣ አዳማን አለፈች፣ የጭሮን ዳገት እየተነፈሰች ወጣች። መሐሪ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እያለ መሪዋን ይደባብሳታል። ሣባ «ወደ ግራ፣ ጠባብ ነው» ትላለች፣ እሱ «ተረዳሁ!» ይላል፣ እሷ «ማንን?»፣ ሁለቱም ይስቃሉ። አርባ የተሻገሩ ሰዎች መሆናቸውን ረስተውታል። ማታ ማታ ይደውላሉ። «ጭሮን አለፍን አባዬ፤ ሙቀቷም አልጨመረ» ሲል መሐሪ፣ ከወዲያ በኩል ቀጭን የሆነ ያ ድምፅ «ተረዳሁ» ይላል። «ማንን?» ይላሉ ሁለቱ ባንድ ላይ። አባትየው ይስቃሉ፣ ሳቁ ሳል ይሆናል፣ ወይዘሮ አልማዝ ስልኩን ይቀበላሉ።

ከድሬዳዋ ሲመለሱ የመጨረሻውን ሌሊት አዋሽ አደሩ። ማታ ሲደውሉ አባታቸው «አጆኹም» ብቻ ነው ያሉት፤ «በርቱ» ማለታቸው ነው።

ጠዋት ላይ የሚሌ ክላክስ እምቢ አለ። አይ ጊዜ መምረጥ! መሐሪ ራሱን ክሩስኮቱ ስር ቀብሮ፣ እግሩ በበሩ ወጥቶ ፊውዝ ይፈልጋል። የሱ ስልክ ክፍል ውስጥ ቻርጅ ላይ ነው።

«ሣቢ፣ ስልክሽን አቀብይኝ፣ ላብራበት። ያለ ክላክስ እማ አባዬ ቤት አያስገባንም።»

አቀበለችውና ሻንጣ ልታወጣ ሄደች። ስትመለስ መሐሪ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል፤ እግሮቹ መሬት ላይ ናቸው፣ ስልኩ እጁ ላይ።

«ሠራ?» አለችው።

«ሠራ። ስልክሽ ግን ባትሪው አልቆ ጠፋ» ብሎ ሰጣት። ክላክሱን አልሞከረውም።

ስልኩን ቻርጅ ልታደርግ ወደ ክፍሏ ተመለሰች። ስታበራው ባትሪው ከግማሽ በላይ አለው። ምን ነካው ይሄ ሰውዬ ብላ ገና ሳትጨርስ የቴሌግራም መልእክት ብቅ አለ። ከአያት ሰፈሩ እድር ነው። የአባቷን እድር የምትከፍለው እሷ ስለሆነች ከግሩፑ አስገብተዋት ነበር።

«የእድራችን አባል አቶ ዘርአጽዮን ዛሬ ንጋት ላይ ስለአረፉ የቀብር ሥነ ሥርዓታቸው ነገ ይፈጸማል። ልጆቻቸው መንገድ ላይ ስለሆኑና ስላልተረዱ፣ ማንም አባል እንዳይደውልላቸው በጥብቅ እናሳስባለን።»

በጥብቅ እናሳስባለን! አየህ የእድር ነገር፣ ሰው አይርዳ ብሎ ሰውን ያረዳል። ያን ማስጠንቀቂያ የጻፈው ሰውዬ ልቡ ቅን ነው፣ ምንም አይወጣለት፤ ግሩፑ ውስጥ ማን እንዳለ ግን አላየም።

መርዶ ወግ አለው። ሰው መንገድ ላይ አይረዳም፣ በስልክ አይረዳም። ቤቱ ይገባል፣ እህል ይቀምሳል፣ ያድራል፤ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች ይመጣሉ፣ ሴቶች ግራና ቀኝ ይይዙታል፣ ሲጮህ አብረውት ይጮሃሉ። ሣባ አባቷን የተረዳችው አዋሽ ሆቴል መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ ብቻዋን፣ ፎጣ በጥርሷ ነክሳ ነው። ቧንቧውን ከፈተችው። «ቃሌ ነው ብለኸኝ» አለች። «አባዬ፣ ቃሌ ነው ብለኸኝ።» ውሃው ይወርዳል። ማንም አልያዛትም።

ከዚያ መሐሪ ትዝ አላት። ከአዋሽ እስከ አያት ያ ሁሉ የጭነት መኪና በተሰለፈበት መንገድ የሚነዳው እሱ ነው። አሁን ብትነግረው መሪውን ይዞ አያለቅስ፣ አልቅሶ አይነዳ። ሚሌም እዚህ ትቀራለች፣ ወይ በገመድ ትጎተታለች። አባቷ አንድ ነገር ብቻ ነው የለመኑት። ሆድ ይፍጀው አለች። ፊቷን ታጠበች፣ መነጽሯን አደረገች፣ ወጣች።

ቁርስ ላይ የውድድሩ ሰዎች አንድ ላይ ተቀምጠዋል። ፍስሃ ተነሥቶ ወንበር ሳበላት። ፍስሃ! ወንበር! ጥብስ ፍርፍር አዝዞ፣ በራሱ እጅ እየጠቀለለ መሐሪን ያጎርሰዋል፣ እሷን ያጎርሳታል።

«ብሉ እንጂ። በሞቴ፣ ይቺን ብቻ። መንገዱ ረጅም ነው።»

ስለ ቆርቆሮ አላነሣም፤ ስለ ቮልሱም አልፎከረ። ገበታው ላይ የቀሩትም ሰዎች ቀና ብለው አያዩአቸውም። ሣባ ወዲያው ገባት፤ አክስቷ ደውለውለታል። ሰው እንዲህ አጥብቆ ሲያበላ ታውቀዋለች፤ አጎቷን ሲያረዱት እንዲሁ ነበር፣ በኋላ ስለማይበላ አስቀድመው ያጎርሱታል። ባትበላ ይነቁባታል። በላች። ያ ጉርሻ በጉሮሮዋ እንዴት እንደወረደ እሷና ፈጣሪዋ ያውቃሉ። መሐሪም በላ፤ አንገቱን ደፍቶ፣ የቀረበለትን ሁሉ በላ። ምስኪን፣ አለች በሆዷ፣ ምንም አያውቅም።

ተነሡ። መተሐራን ሲያልፉ በሰቃ ሐይቅ ጥቁሩን ድንጋይ ታክኮ ተኝቷል። ሣባ ወረቀቱን ይዛ «ቀስ በል፣ መንገዱ ተጎድቷል» አለች።

«እሺ» አለ መሐሪ።

እሺ። ሦስት ቀን ሙሉ «ተረዳሁ» ሲላት የነበረ ሰው። መጀመሪያ አላስተዋለችም። ቀጥሎ «ወደ ቀኝ» ስትለው «እሺ»፣ «ድልድይ» ስትለው «እሺ» ሲል አስተዋለች፤ ደከመው ብላ አሰበች። ደግሞም ተመስገን አለች። ያን ቃል ቢል «ማንን?» ማለት ልትገደድ ነበራ። በየት አፏ!

መኪናው ውስጥ ዝም ሲባል ዝምታው ያስፈራታል፤ ይነቃብኛል ትላለች። ስለዚህ እሷው ጀመረች።

«አባዬ አሁን ወንበሩን አስወጥቶ ይሆናል።»

መሐሪ ማርሽ ቀየረ። «ገና በጠዋቱ? አዎ፣ እሱ ያደርገዋል።»

«አክስቴ ‹ብርድ ይመታሃል› ስትለው…»

«‹ብርዱ የት አለ› ይላታል። ጋቢ ስትደርብበት ይጥለዋል።»

«ኮቱን ብቻ ነው የሚያደርገው። ያን ቡኒውን።»

«ከነክራቫቱ። ጫማውንም አስጠርጎ።»

«ለሚሌ ሲሆን መቼም…»

«ለእኔ ሠርግ እንኳ ጫማውን አላስጠረገም» አለ መሐሪ፣ ሳቀም። ሣባ አብራ ሳቀች። እንዲህ እየተባባሉ አባታቸውን አለበሷቸው፣ አስነሧቸው፣ ወንበር ላይ አስቀመጧቸው፤ ሰፈርተኛውን ሁሉ ሰብስበው ሰላም አስባሏቸው። እያንዳንዱ ቃል እንደ ቢላ ነው። እሷ ግን ወንድሟ ደስ እንዳለው እስከ አያት ይድረስ እንጂ ሌላው ግድ የላትም።

ሞጆን ሊያልፉ ሲሉ መሐሪ ድንገት ዳር ይዞ አቆመ።

«የኋላ ጎማው ድምፅ አለው፣ ልየው» ብሎ ወረደ።

ቆየ። አንድ ጎማ ለማየት የማይወስደውን ያህል ቆየ። በጎን መስታወቱ ስታይ ፖርታ ባጋሊው ላይ ሁለት እጁን አስደግፎ አቀርቅሯል። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል።

«ምን ሆንክ?» አለችው።

«አቧራ ነው፣ እባክሽ። ጎማው ደህና ነው። ቀጥሎ?»

«ቀጥታ።»

«እሺ።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል። ሣባ አሁን ቆም ብላ ብታስበው ኖሮ ይገባት ነበር። ግን ሰው ሐዘኑን ሲደብቅ ሁለት እጁ የተያዘ ነው፤ የሌላውን ሐዘን በምኑ ይይዘዋል?

ቱሉ ዲምቱን አልፈው ወደ ጎሮ ሲመጡ ሚሌ አቃሰተች። ከኮፈኑ ስር ጭስ መሰል እንፋሎት ወጣ። ራዲያተሩ ፈልቷል። ዳር አቆሙ። ፍስሃ ከኋላቸው ነበር፤ ከቮልሱ ሮጦ ወረደ፣ ያ ትልቅ ሰውነቱ እየተንቀጠቀጠ።

«ተዉአት» አለ። «በእናታችሁ ተዉአት፣ እኔ መኪና ውስጥ ግቡ። ቶሎ እንድረስ። እሷን ሰው ይጎትታታል።»

«ምን አስቸኮለህ?» አለው መሐሪ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ፍስሃ ሰዓቱን አየ። «እሱማ… ምንም። ራት ቤቴ ነው፣ ሲኤምሲ። ዛሬ እኔ ጋ ታድራላችሁ። አዝዣለሁ።» ከዚያ አንድ ያልሆነች ቃል አመለጠችው፦ «አይዞህ።»

ለፈላ ራዲያተር አይዞህ ይባላል? መሐሪ አንገቱን አቀረቀረ። ሣባ ቆማ አሰበች። ቮልሱ ውስጥ ገብታ ቤት አድርሰኝ ብትለው ከጥቂት ጊዜ በኋላ አባቷ እግር ስር ትወድቃለች፤ ፊታቸው ሳይሸፈን ታያለች፣ እጃቸውን ትይዛለች። ሆዷ ሂጂ ሂጂ ይላታል። ሚሌን አየቻት። ሳትጎተት አምጡልኝ። ለዚያች ቃል ስንት አገር ዞረው፣ ጎሮ ላይ ገመድ ሊያስሩባት?

«እንጠብቃለን» አለች። «ትቀዝቅዝና በእግሯ ትገባለች።»

መሐሪ ቀና ብሎ አያት። «እንጠብቃለን» አለ እሱም።

ጠበቁ። ውሃ ሞሉ፣ ደግሞ ጠበቁ። ፍስሃ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ፊቱን ወደ ሜዳው አዞረ፤ ትከሻው ሲነቃነቅ ሁለቱም አዩ፣ ሁለቱም ያላዩ መሰሉ። ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች እየደረሱ ከኋላቸው ቆሙ። አንድም አላለፋቸውም። የተሰጠው ሰዓት አልፎ ሁሉም ተቀጥተዋል፣ ግን ማን ግድ አለው።

ሞተሩ በመጀመሪያው ተነሣ። በሰሚት በኩል ዞረው፣ የኮንዶሚኒየሙን ሕንጻዎች አልፈው፣ ባቡሩ ሐዲዱን የሚጨርስበት አካባቢ ደረሱ። አያት አደባባይ ላይ ሣባ ክላክስ አድርግ ልትል ፈለገች፤ አቃታት። መሐሪም እጁን ወደ ክላክሱ ሰዶ መለሰው። ሜዳው ላይ ባነር ተሰቅሏል፣ ሰው ግራና ቀኝ ቆሟል። ያጨበጭባል፣ ግን እልል የሚል የለም። ከፊት አባታቸው ሊጠብቋቸው የነበረበት ቦታ፣ ወንበሩ የሚቀመጥበት፣ ባዶ ሣር ነው።

«ቀጥሎ?» አለ መሐሪ።

ሣባ ወረቀቱን አየች። አያት፣ ፍጻሜ። ከሱ ስር በእርሳስ፣ በራሷ እጅ፣ አባዬ ፊት ቁም።

«ሣቢ፣ ቀጥሎ?»

«ቀጥሎ…» ወረቀቱን አጠፈችው። «ቀጥሎ የለም። ወረቀቱ አለቀ።»

መሐሪ መስመሩ ጋ ሳይደርስ ፍሬን ያዘ። ሁለት እጁን መሪው ላይ አደረገና ግንባሩን በላያቸው ላይ ጣለ።

«ተረዳሁ» አለ።

ከአዋሽ ወዲህ አላላትም ነበር። ሣባ ከልጅነቷ ጀምሮ ያቺ ቃል በተባለች ቁጥር አፏ ሳያማክራት የሚመልሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አሁንም ሳያማክራት መለሰ።

«ማንን?»

«አባዬን» አለ መሐሪ።

ያን ጊዜ ጮኸች። ወንድሟ አንገቷን አቀፋት፣ እሷም አንገቱን፤ በዚያች ጠባብ መኪና ውስጥ ማርሹ መሃላቸው እያለ ተቃቅፈው አለቀሱ። ከጠዋት ጀምሮ የታፈነው ሁሉ ወጣ። «ስልክሽ ባትሪ አላለቀበትም» ይላታል፤ «እንዳታይ ብዬ ነው ያጠፋሁት። ምን እየመሰለሽ ሳቅሽ ሣቢ፣ ስለ ኮቱ ስናወራ?» «አብርቼው ነበር» ትለዋለች፤ «አብርቼው ነበር እኮ መሐሪ። አንተ ደስ ይበልህ ብዬ ነው።» ውጭ ያለው ሰው ጭብጨባውን ትቶ ባርኔጣውን አወለቀ። ፍስሃ ከቮልሱ ወርዶ ቆመ እንጂ አልተጠጋም።

መሐሪ ፊቱን በእጅጌው ጠረገ።

«በእርሳስ የጻፍሽው ምን ነበር የሚለው?»

«አባዬ ፊት ቁም።»

«እሱ ደግሞ ያለው ቤት ነው» አለና ማርሽ አስገባ።

መስመሩን አለፉት፣ አልቆሙም። ባንዲራ የያዘው ሰውዬ ባንዲራውን አላነሣውም። መሐሪ እጁን ክላክሱ ላይ አሳረፈ፣ ከዚያ ወዲያ አላነሣውም። በዋናው መንገድ፣ በዳቦ ቤቱ በኩል፣ በኮብልስቶኑ ላይ፣ እስከ በራቸው ድረስ ጮኸች ሚሌ። ሰው ከሱቁ እየወጣ ያያል። የሞተ ይቀሰቅሳል የሚባልለት ክላክስ ነው። አልቀሰቀሰም።

የግቢው በር ተከፈተ። ወይዘሮ አልማዝ ወጡ። ድንኳን አልተተከለም፤ ልጆቹ እንዳይነቁ ከጎረቤት ግቢ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ነጭ ነጠላቸውን እንደ ደህና ቀን አጣፍተው ለብሰዋል። ዓይናቸው እንደ ጉድ አብጧል፣ አፋቸው ግን ሊስቅ ይታገላል።

«ልጆቼ! እንኳን በደህና ገባችሁ! ምነው በቀጥታ መጣችሁ፣ ፍስሃ ጋ አልነበር እንዴ… አባታችሁ ደህና ነው፤ አሁን ገና አረፍ አለ። አትቀስቅሱት። ግቡ በሉ፣ መጀመሪያ እህል ቅመሱ።»

ሚሌ በር ላይ ቆማለች፣ ሞተሯ አልጠፋም፣ ገመድ አልነካትም። ልጆቹ ወርደው አክስታቸውን በሁለት ወገን፣ ግራና ቀኝ ያዟቸው።

«አክስቴ፣ ነጠላሽን አዘቅዝቂው» አለ መሐሪ። «ተረድተናል።»